ማረሻዬ የበጠሰው የኢንተርኔት ገመድ

ሰኞ፣ ግንቦት 8

በጠስሁት። የታችኛውን ማሳ ለበቆሎ እያረስሁ ማረሻውን አንድ ነገር ያዘው። ሥር መስሎኝ በሬዎቹን ገፋሁ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ጣት የሚያህል ጥቁር ገመድ ለሁለት ተበጥሷል፤ ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ ብርጭቆ ነው። የመንግሥት የኢንተርኔት ገመድ። የተቀበረው ስንዝር አይሞላም።

የዛሬ ሦስት ዓመት በዘመቻ ስንቆፍር እስከ ወገብ ይሁን ነበር ያሉን። ድርሻዬን እስከ ወገብ ቆፈርሁ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ያኔ በሕይወት ነበረች፤ ምሳዬን ይዛ መጥታ ጉድጓድ ውስጥ ቆሜ ስታየኝ ሳቀችብኝ። ድንጋያማውን የኔን ማሳ ጫፍ ግን ኮንትራክተሩ በማሽን እወጣዋለሁ አለ። ጫር ጫር አድርጎት አለፈ። ገመዱ ሲገባ ቀበሌ ተቀምጣችሁ የአዲስ አበባን የበቆሎ ዋጋ ታያላችሁ ተባልን። ኮምፒውተሩ መጣ። ይኸው ጨርቅ ለብሶ ተቆልፎበታል።

ማክሰኞ፣ 9

ጎረቤቴ ደሴ አፈር መልስበትና ዝም በል አለኝ። «ሦስት ዓመት ማንም ያልጠየቀውን ገመድ አንተ ምን ቤት ነህ?» እኔ የሠራሁትን አልሠራሁም ብዬ አላውቅም። በጠዋት ቀበሌ ሄጄ ለሥራ አስኪያጁ ነገርሁት። ገና ልጅ እግር ነው፣ ከወረዳ የተላከ። ይቆጣኛል ስል ፊቱ በራ። ወንበር ሳበልኝ። «አባ፣ ደግ አደረጉ መምጣትዎ» አለ። ሻይ አስመጣልኝ። ሻዩ አላማረኝም።

ረቡዕ፣ 10

እንደፈራሁት ነው። አስጠራኝ። የተጻፈ ወረቀት አነበበልኝ፦ በቀበሌያችን የኢንተርኔት አገልግሎት ያልተጀመረው አርሶ አደር ካሤ መስመሩን በማረሻ በመቁረጡ ነው ይላል። የኔ ስም፣ በማኅተም!

«ልጄ፣ እኔ የቆረጥሁት ከትናንት ወዲያ ነው። ያ ሦስት ዓመት የማን ነው?» አልሁት።

«አባ፣ እሱ ለሪፖርት ነው። እርስዎ ብቻ ይፈርሙ፣ ሌላውን እኛ እናስተካክላለን።»

ለካ ለወረዳው ኢንተርኔቱ ገብቷል ብለው ጽፈው ኖሯል። አሁን ወረዳው የታለ ሲላቸው ምክንያት አጥተው ነበር፤ እኔ በእግሬ ሄጄ ሰጠኋቸው። ቂል።

ካልፈረምሁ በመሠረተ ልማት ጥፋት እከሰሳለሁ። ከፈረምሁ ደግሞ ገመዱ ያለፈበት ማሳዬ ለመስመሩ ደኅንነት ይከለላል። ይከለላል ያለው እንደ ዋዛ ነው። ከዚያ ላይ ነው ዓመቱን የምበላው።

ሐሙስ፣ 11

ፍኖተ ሰላም ወረድሁ። እስከ ጅጋ በእግሬ፣ ከዚያ በመኪና። ገመዱን ያውቃል ከተባለው ቢሮ ደርሼ ባመለክት ያስተላልፉኝ ጀመር፦ ከመስኮት አንድ ወደ ሦስት። ከሦስት ወደ ፎቅ። ከፎቅ መልሰው ወደ መስኮት አንድ። መጨረሻ ላይ ያገኘኋት ልጅ ትሑት ናት፤ ስሜንና ቀበሌዬን ጠየቀችኝ፣ ኮምፒውተሯን ነካካች፣ ተወችው።

«አባቴ ይቅርታ፣ ኔትወርክ የለም። መዝገብዎን ማየት አልችልም።»

«እዚህም እኔ ነኝ የበጠስሁት?» አልኋት። ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም አፏን ይዛ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ግን ቅዳሜ ባለሙያ እንዲላክ በወረቀት ጻፈችልኝ። ይቺን አገኘሁ።

ዓርብ፣ 12። ሚካኤል

በዓል ነው፣ አይታረስም። ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ሰው ከቦኝ ቀለደ። «አያ ካሤ፣ ኢንተርኔቱ ከጉድጓዱ ሲወጣ በሬዎቹን አልነከሳቸውም?» ደሴ ደግሞ «አፈር መልስበት ብዬው ነበር» እያለ ለያንዳንዱ ይናገራል። ተቆጥቼ ምሳ ሳልበላ ዋልሁ። እነዚሁ ናቸው ከኔ ጋር የቆፈሩት። ማንም አልተቆጨም።

ቅዳሜ፣ 13

ባለሙያው በሞተር መጣ፤ ትንሽ የመስመር መፈተሻ ሣጥን ይዟል። የበጠስሁትን ጫፍ በሣጥኑ አየ። ደጋግሞ አየ። ከዚያ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ወዳለው የሲሚንቶ ጉድጓድ ሄድን፤ ክዳኑን አብረን አነሣን። የገመዱ ጫፍ እዚያ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ አፉ በፕላስቲክ እንደታሸገ። ከምንም ጋር አልተያያዘም።

«አባቴ፣ በዚህ ውስጥ ምንም አልፎ አያውቅም» አለኝ በቀስታ።

«እሱን ጻፍልኛ።»

መሬት መሬት አየ። «እኔ የተላክሁት የተበጠሰውን እንድቀጥል ነው። ልጆች አሉኝ አባቴ።»

ቀጠለው። ባዶውን ከባዶው ጋር አገናኝቶ ሄደ። ልቆጣው ፈልጌ ነበር፤ አልቻልሁም፤ በመንግሥት እንጀራ ላይ ያለ ሰው ነው።

እሑድ፣ 14

ስብሰባ ጠሩ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ሕዝብ ፊት ሰጠኝ። ጣቱን ያትማል ብሎ ቀለም አዘጋጅቶ ነበር። እኔ ግን ፊደል ቆጥሬያለሁ። በጣቴ እየተከተልሁ አንድ አንድ ቃሉን አነበብሁ። ቆየሁ። «ይፍጠኑ እንጂ አባ» አለ። አልፈጠንሁም።

ከዚያ ተነሥቼ ጠየቅሁ። «ገመዱ ትናንት ተቀጥሏል። ባለሙያውን ሁላችሁም አይታችኋል። እንግዲህ ኮምፒውተሩን ክፈትና የበቆሎውን ዋጋ አሳየን።»

ቁልፉ ወረዳ ነው አለ። ማንም አልሳቀም። ያኔ ደሴ፣ ያ ሳምንቱን ሲቀልድብኝ የከረመው፣ ብድግ አለ። «እኔም ሃያ ክንድ ቆፍሬያለሁ። እንጠብቅሃለን፣ አስመጣው።» ሴቶቹም አጉረመረሙ። ልጁ እስክሪብቶውን ዘረጋልኝ።

እስክሪብቶውን ተቀብዬ ከጽሑፉ በታች በራሴ እጅ ጻፍሁ፦ ገመዱን በማረሻ የበጠስሁት እኔ ካሤ ነኝ። ኢንተርኔቱን አልበጠስሁም፤ አልነበረም። ፈረምሁ። ደሴ ፈረመ። ሌሎች አራት ፈረሙ። የቀረው ሰው ከብት ላስገባ ነው እያለ በየፊናው ሄደ፤ አልፈርድበትም።

ልጁ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ወረዳ ይውሰደው ይቅደደው አላውቅም። ማሳውም ይከለል አይከለል አላውቅም።

ነገ ግን እጠምዳለሁ። ገመዱ ያለበትን ስንዝር ትቼ ሌላውን አርሰዋለሁ። ሊወስዱትም ከሆነ ታርሶ ይውሰዱት።