ከመንትዮቹ አንዱ

ኅዳር 4

እንደወትሮው ነው። ብርድ። ጉልበቴ አላስቀምጥ አላስቆም ብሎኛል። የምንኖርበት የቤተ ክርስቲያኑ ቤት ጣሪያ ዛሬም ሲያፈስ አደረ፤ ባለቤቴ ባልዲ ደቅና ስታጉረመርም ነበር። እኔ ምን ላድርግ? አናጢ ነኝ?

የዳቦ ጋጋሪው ሚስት መንታ ልጆቿን አምጥታ አጠመቅኩ። ሁለት ወንዶች፣ ቁርጥ አንድ። ታላቁ እንዲለይ እጁ ላይ ቀይ ክር አስራለታለች። አዋላጇ ናት የምታቀብለኝ፤ የተጠመቀውን ተቀብላ ወደ እሳቱ፣ ያልተጠመቀውን ወደ እኔ። ጩኸታቸው ጆሮ ያደነቁራል።

በር ላይ ስሸኛቸው የሁለቱንም አናት ሳምኩ። ያንዱ ጸጉር ርጥብ ነው። የሌላው ደረቅ። ጠብታ ውሃ ነክቶት የማያውቅ...

አዋላጇ በፎጣ ጠርጋው ይሆናል።

ኅዳር 5

ፎጣው ነው?

አዋላጇ ቤት ሰበብ ፈልጌ ሄድኩ። ልብስ ታሰጣለች።

"ልጆቹን ስትቀበይኝ ጠረግሻቸው?"

"ምን ማለትዎ ነው አባ? በዚህ ብርድ ርጥብ ሕፃን ላስቀምጥ?"

"ሁለቱንም?"

"አንዱን እሳቱ ጋ አስተኛሁት... ከዚያ ሌላውን አነሳሁ... ወይስ... ኧረ እኔ እንጃ! እርስዎ አይደሉ እንዴ ያጠመቋቸው?"

እኔ ነኝ። ችግሩም እሱ ነው። እዚያው ያስተኛችውን መልሳ አንስታ ሰጥታኝ ቢሆንስ? አንዱን ሁለቴ አጥምቄ ቢሆንስ? ክሩን አይቻለሁ? እጃቸው መጠቅለያ ውስጥ ነበር... ምኑን አየሁት!

ኅዳር 6

ለባለቤቴ ነገርኳት። ሳቀች። ፊቴን አይታ ተወችው።

"ታዲያ አንተ ሰውዬ፣ ድገመዋ!"

ድገመዋ! ጨው ያነሰው መስሏታል። ጥምቀት አይደገምም። አውቆ የደገመ ቄስ የክህነት ልብሱን ይገፈፋል፣ ከቤቱም ይወጣል። የጎረቤቱን አጥቢያ ቄስ አምና ምን እንዳደረጉት ረስታዋለች? ካልደገምኩ ደግሞ አንድ ሕፃን ሳይጠመቅ ቀረ ማለት ነው፣ በእኔ እጅ። ግን የትኛው? ግራ የገባ ነገር።

ኅዳር 9

ጳጳሱ ዘንድ ሄድኩ። መንገዱ ጭቃ፣ ፈረሱ እልኸኛ።

"ልጁ አለመጠመቁን እርግጠኛ ነህ?" አሉኝ።

"አይደለሁም፣ ብፁዕ አባታችን።"

"መጠመቁንስ?"

"እሱንም አይደለሁም።"

"ታዲያ ምን እንድልህ መጣህ? ሂድና አስታውስ!"

አስታውስ! ከዚህ ሌላ ምን ስሠራ ሰነበትኩ? ሳስታውስ ሳስታውስ ይኸው ሦስተኛ ሕፃን ሁሉ ይታየኝ ጀምሯል።

ኅዳር 11

ስብከት መሀል የምለው ጠፋኝና ዝም ብዬ ቆምኩ። ሕዝቡ ልቤ ተነክቶ መስሎት አለቀሰ። እኔስ ልቀር ነው? አብሬ አለቀስኩ።

ኅዳር 13

ዳቦ ጋጋሪው እጁ ዱቄት እንደሆነ እየሮጠ መጣ። ከመንትዮቹ አንዱ ታሟል። ባለቤቴም ተከተለችኝ።

ከምድጃው ጀርባ ባለችው ክፍል ነው የተኛው። ትንፋሹ ይቆራረጣል። እሳት የሆነ ትኩሳት። ሐኪሙ ቆቡን እያደረገ ራሱን ነቀነቀ።

"ታላቁ ነው ታናሹ?" አልኳት እናቲቱን።

ወደ ባሏ አየች። ከዚያ በሹክሹክታ፣ "አባ... ክሩ ገላቸውን ሳጥብ ወልቆ ጠፋ። እኔም አለያቸውም። በምን አፌ ለሰው ልናገር?"

የወለደቻቸው እናት! እኔ ብቻ መስሎኝ እኮ ነበር።

የእኔንም ነገርኳት። እዚያው፣ ባሏ እየሰማ። የእርግማን መዓት ታወርድብኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?" ብቻ አለችኝ።

ባለቤቴ ማንም ሳያዛት ውሃ ለብ አድርጋ ይዛለች። የታመመውን አጠመቅኩ። እስከዚህ ድረስ ማምለጫ አለኝ፤ ያልተጠመቀው ይሄ መስሎኝ ነው እላለሁ። ዞር ስል እናቲቱ ጤነኛውን ታቅፋ ቆማለች።

"ያልተጠመቀው ይሄ ቢሆንስ?"

አንዱ ለመጠመቁ ጥርጥር የለውም። ሁለቱንም ካጠመቅኩ መድገሜ የለየለት ነው። ምን ብዬ ላመልጥ? ልብሴ... ቤታችን... ባለቤቴን አየኋት።

"ቤቱ እንደሆነ ያፈሳል" አለች።

አጠመቅኩት።

ኅዳር 14

ትኩሳቱ ወረደ! ጠባ፣ አላበው፣ ተኛ። ሐኪሙ የኔ መድኃኒት ነው ይላል። ይበል። እኔ እንጃ። ከደስታዬ ብዛት ጉልበቴን እንኳ ረሳሁት።

ታኅሣሥ 2

ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ብዬ ጳጳሱ ዘንድ ራሴ ሄጄ ተናገርኩ።

"የትኛውን ነው የደገምከው?"

"አላውቅም።"

"የደገምከውን ሳታውቅ ደግሜያለሁ ትለኛለህ?"

"አዎ።"

ግንባራቸውን ያዙ። እሳቸውም ግራ ገባቸው። ልብሱን ግን ተቀበሉኝ፤ አጣጥፌ ሰጠኋቸው። አላለቅስም ብዬ ነበር። አልቻልኩም... ዕድሜዬን ሙሉ የለበስኩት ነው።

ታኅሣሥ 20

ዛሬ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አስቀደስኩ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። አዲሱ ቄስ ድምፁ መልካም ነው፣ ትንሽ ይቸኩላል። አሁን የምንኖረው ከዳቦ ቤቱ በላይ ነው። ጠዋት ዱቄት አቦካለሁ። ባለቤቴ ባልዲውን ለጎረቤት ሰጠችው።

ስንወጣ የዳቦ ጋጋሪው ሚስት አንዱን ልጅ አሸከመችኝ። ወዲያው ደረቴ ላይ ተኛ። አዲሱ ቄስ በር ላይ ሊባርከው ቀረበ።

"የትኛው ነው ይሄ?"

"አላውቅም።"

ወሬውን ሰምቷል መሰለኝ፣ አጎንብሶ በቀስታ ጠየቀኝ።

"ግን ተጠምቀዋል አይደል? እርግጠኛ ነዎት?"

"ሁለቱም" አልኩት። "እሱንስ እርግጠኛ ነኝ።"