የእማማ የላምባ ምድጃ

መቱ፣ መስከረም ፳፱ ቀን ፲፱፻፳፬ ዓ.ም.

ለማከብርዎ ወንድም ጋሼ፣

ከተለየንዎ ወዲህ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎስ? ቤተሰቡስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። አለን ስል ዝናቡም አለ፤ መስቀል አልፎ እንኳ ጭጋጉ ከደጃፋችን አልተነሣም።

ስለ ምድጃው የጻፉት ደርሶኛል። አዲስ ይታዘዝ፣ ወጪው በእኔ ነው ብለዋል። እግዜር ይስጥልኝ። ነገሩ ግን ከዚያ ሆኖ እንደሚታየው አይደለም።

አባታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጋምቤላ ጉምሩክ ሳሉ ያመጡት ያ የላምባ ምድጃ ሆዱ ዝጎ ያፈስሳል። እንጨት እንዳናነድ ጢሱ እማማን ያፍናቸዋል። ያለ እሳት ደግሞ ሲስሉ ያነጋሉ። እኔም አብሬ አነጋለሁ። ደክሞኛል፣ ወንድም ጋሼ። ይህን ለሌላ ሰው አልጽፍም።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ምድጃው ማፍሰሱን ትቷል። ደስ አለኝ። ለካ እማማ ከሁሩሙ ገበያ ሰም አስገዝተው፣ ቅል እንደሚደፈን ደፍነውት ኖሯል። ብለኩሰው ሰሙ ቀለጠ፤ ላምባው ወርዶ ቁርበቱ ተያያዘ። በጋቢዬ አፍኜ አጠፋሁት። ምነው እማማ፣ ቤቱን ሊያቃጥሉት ነው ወይ ብላቸው፣ እንኳን ተያያዘ፣ ዛሬ ገና ሞቀኝ ብለው ሳቁ። ወዲያው ሳሉ ያዛቸው። አፋቸውን የጠረጉበትን የነጠላ ጫፍ ጠቅልለው ከትራሳቸው ሥር ሸጎጡት። እኔም እንዳላየ ሆንኩ።

በማግሥቱ ጎሬ ወጣሁ። ግሪኩ ነጋዴ አዲሱን ከካርቱም ማስመጣት ይቻላል አለኝ። ግን የባሮ ውሃ መጉደል ጀምሯል። የዓመቱ የመጨረሻዋ መርከብ ልትመለስ ነው። ዛሬ የታዘዘ ዕቃ የሚደርሰው በመጪው ክረምት ነው። ልዘዝልሽ? አለኝ። አስቤ እልክብሃለሁ ብዬ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ የማስበው ስለ ምድጃው አልነበረም።

ለእማማ ስነግራቸው፣ በመጪው ክረምትማ ባዶ አልጋ ልታሞቂ ነው? አሉኝ። እንዲህ አይበሉ ብዬ ተቆጣሁ። መቆጣት ይቀላል።

ትናንት ጠመንጃ ጠጋኙን ፈንታሁንን አስጠራሁ። እማማ ከአልጋቸው ሆነው፣ አንተ፣ እኔንም አብረህ ጠግነኝ ይሉታል። እሱም፣ እርስዎማ ምኑ ዛገና፣ እትዬ! ይላቸዋል። ዝገቱን ፍቆ እርሳስ አቅልጦ ደፈነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ብረቱ ሳስቷል፤ በጋውን ይይዛል፣ ለክረምቱ ግን ቃል አልገባም አለኝ።

ይበቃናል አልኩት።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። እማማም ሰምተዋል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እንደዞሩ፣ በይ ለኩሺልኝ አሉ። ለኮስኩት። አላፈሰሰም።

ለነጋዴው ይቅርብኝ ብዬ ላክሁበት። ክፉ ልጅ ናት ብለው አይፍረዱብኝ። ወይም ይፍረዱ፤ ብቻ ለፋሲካ እመጣለሁ ያሉትን ይተዉት። ለገና ይምጡ። ለምድጃው ያሰቡት ገንዘብ ለበቅሎና ለስንቅ ይሁንዎ።

ወንዙን የሚያጎድል፣ መንገዱን የሚያደርቅ አምላክ በደኅና ያድርስዎ፤ ደጃፉንም ሳይዘጋ ይጠብቅልን።

ታናሽ እኅትዎ