ስለ ንጹሕ ቅጾቻችን

ለተከበሩ ዶክተር ክላይቭ ሃርግሬቭ፣
የባሕር ዳር መንደሮች ዳሰሳ ጥናት ተቋም ዋና ዳይሬክተር

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎስ፣ ቤተሰብዎስ፣ ሥራዎስ እንዴት ነው? ይህን ስጠይቅዎ ከመጠይቅዎ አምስት ሣጥኖች አንዱ ላይ ምልክት ያድርጉ አልልዎትም፤ እንደ ሰው፣ አፍዎ ላይ እንደመጣልዎት ይመልሱልኝ።

ምናልባት ስሜን ዘንግተውት ከሆነ፣ መረጃ ሰብሳቢ ቁጥር ሰባት ነኝ። ቤተሰቦቼ ያወጡልኝ ስም ሰሊና ፓርዲ ነው። የምኖረው ብላክ ስፓር በምትባለው፣ ስልሳ ሦስት ቤት ባላት የኒውፋውንድላንድ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት በመስከረም ተቋምዎ የመንደራችንን ጤና ለማጥናት መጠይቅ ሲልክ ቤት ለቤት ዞሬ የሞላሁት እኔ ነኝ። ጥናቱ የብላክ ስፓር ሕዝብ ጤና ከክፍለ ግዛቱ አማካይ እጅግ የተሻለ ነው ብሎ ደመደመ። የጤና ቢሮው ክሊኒካችንን ዘጋ። ባሌ ሌአንደር ባለፈው የካቲት ሞተ። አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ለማለት ሳይንስ እንደማይፈቅድልኝ በሥልጠናው ላይ ስለ ነገሩን፣ ሦስቱን ነገሮች እንዲሁ ጎን ለጎን አስቀምጬልዎታለሁ።

አሁን ብዕር ያነሣሁበት ምክንያት፣ ክሊኒኩ ተመልሶ ይከፈት ወይስ እንደ ተዘጋ ይቅር የሚለውን ለመወሰን ቢሮው በመጪው ወር በአሥራ አራተኛው ቀን በመንደራችን አዳራሽ ስብሰባ መጥራቱን፣ እርስዎም ያንኑ ጥናት ሊያቀርቡ እንደሚመጡ በመስማቴ ነው። እንግዳ ባዶ እጁን አይሸኝምና ምስጋናዎቼን አስቀድሜ በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ሁለቱ ቀን ሥልጠናና ስለዚያች ሠላሳ ስድስት ገጽ አረንጓዴ መመሪያ አመሰግናለሁ። መመሪያው በገጽ አራት ላይ መረጃ ሰብሳቢ ሁሉ የእያንዳንዱን ቤት ዋና በር እንዲያንኳኳ ያዝዛል። ክቡር ዶክተር፣ እኛ አገር በር አይንኳኳም። ሰው በጓሮ በር ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ወጥ ቤት ሄዶ ይቀመጣል፤ ዋናው በር ለሙሽራና ለሬሳ ሣጥን ካልሆነ አይከፈትም። የሚያንኳኳ ሰው ካለ እሱ ፖሊስ ነው፣ ወይም ባሕር ሰው በላ ብሎ ሊያረዳ የመጣ ቄስ ነው። እኔም እንደ ታዘዝኩት የመጀመሪያውን ቤት፣ የሰማንያ አንድ ዓመቷን የአክስት ኤፊን ቤት አንኳኳሁ። ከውስጥ «ማነው የሞተው?» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ከፍተው ሲያዩኝ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

«አንቺ ሰሊና! ነፍሴን አወጣሻት እኮ! በጓሮ መግባት ማን ከለከለሽ?»

«መመሪያው ነው አክስቴ።»

«መመሪያው ራሱ በጓሮ ይግባ!»

እንግዲህ እኚህን ልባቸው ከአፋቸው ልትወጣ የደረሰች ሴት ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ በአሁኑ ሰዓት ጤናዎ በአጠቃላይ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። «ምንም አልል» አሉ። እኔም በመመሪያው መሠረት «እጅግ በጣም ጥሩ» በሚለው ሣጥን ላይ ምልክት አደረግሁ።

ሁለተኛ፣ ስለዚሁ ሣጥን አመሰግናለሁ። ስልሳ ሦስት ቤት ጠይቄ ስልሳ አንዱ «ምንም አልል» ብሎኛል፤ የቀሩት ሁለቱ «ምን እላለሁ» ብለዋል። በእኛ መንደር ሊጠይቅህ የመጣን ሰው በሕመምህ ማስጨነቅ ነውር ነው፤ እግሩ የተቆረጠ ሰው ሳይቀር ሻይ ልቅዳልሽ ወይ ብሎ ነው የሚጀምረው። ከነውሩ በላይ ደግሞ ፍርሃት አለ። በአባቶቻችን ዘመን መዝገብ የያዙ ሰዎች እየመጡ ቆጠሩ፣ ጠየቁ፣ ጻፉ፤ ከዚያ አቅም የላችሁም የተባሉት መንደሮች ዕቃቸውን ጠቅልለው እንዲነሡ ተደረገ። ጎረቤታችን ሄድሊ ቮኪ ይህን አይረሳም፤ የተወለደበት ቤት በጀልባ ተጎትቶ ባሕር ሲሻገር ቆሞ ያየ ሰው ነው። ልጠይቀው የሄድኩ ዕለት እግሩ አብጦ ጫማ አልገባ ስላለው ነጠላ ጫማ አድርጎ ነበር።

«ስሚ ሰሊና፣ ታምሜያለሁ ካልኩሽ ነገ ተነሡ ይሉናል። ምንም አልል በይና ጨርሺ።»

«እግርህስ ሄድሊ?»

«እግሬን ማን ጠየቀሽ? ወረቀቱ ላይ አለ?»

እውነቱን ነው፣ ወረቀቱ ላይ እግር የሚባል ነገር አልነበረም። ሰዎቻችን በሽተኛ ነን ካልን መንደራችንን እናጣለን ብለው ሰጉ፤ ጤነኛ ነን በማለታቸው ክሊኒካቸውን አጡ። እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራ ሕዝብ እርስዎ በሠንጠረዥዎ ውስጥ አይተው ያውቁ ይሆን?

ሦስተኛ፣ ስለ ደብዳቤዎ አመሰግናለሁ። ማንም እንዳላዘዘኝ አምናለሁ፤ ነገር ግን ያየሁት ነገር እረፍት ስለ ነሣኝ በየቅጹ ኅዳግ ላይ በእርሳስ ትንሽ ትንሽ እጽፍ ነበር። በአክስት ኤፊ ቅጽ ላይ «ሻይ ሲቀዱ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ በቀሚሳቸው ጠርገው ሳቁ» ብያለሁ። በሄድሊ ላይ «እግሩ አብጧል፤ ጣቴን ስጭንበት የተጎደጎደው ቶሎ አልተመለሰም» ብያለሁ። አርባ አንድ ቤት ጨርሼ የመጀመሪያውን ጥቅል እንደ ላክሁ፣ በእጅዎ የፈረሙበት መልስ ደረሰኝ። በኅዳግ የሚጻፍ ማስታወሻ ወደ ኮምፒዩተር እንደማይገባ፣ የመረጃውን ንጽሕና እንደሚያጎድፍ፣ መረጃ ሰብሳቢ የሰማችውን ትሞላለች እንጂ ያየችውን እንደማትጽፍ በትሕትና ያስረዳ ነበር። ደብዳቤዎን በማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩት። እርሳሴንም ቀረጽኩና የቀሩትን ሃያ ሁለት ቅጾች አንዲት ፊደል ሳልጨምር፣ እንደ ወደዱት፣ ንጹሕ አድርጌ ሞላሁ።

የመጨረሻው ቅጽ፣ ስልሳ ሦስተኛው፣ የራሴ ቤት ነበር።

አራተኛ ብዬ ምስጋና ልቀጥል አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም። እንዲሁ ልንገርዎ። የራሴን ባል መጠየቅ ይገባኝ እንደሆነ ለተቆጣጣሪዬ ደውዬ ነበር፤ ሌላ ሰው ስለሌለ እንደ ማንኛውም መላሽ ቁጠሪው ተባልኩ። ስለዚህ በወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ዙሪያ ፊት ለፊት ተቀመጥንና አቶ ፓርዲ ብዬ ጀመርኩ። ሌአንደር እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

«ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረን ኖረን ዛሬ ገና አንቱ ተባልኩ! ቀጥይ እመቤቴ፣ ቀጥይ።»

ጥያቄ አሥራ አራት ላይ ደረስን፦ ባለፉት አራት ሳምንታት ውስጥ ደረትዎን አሞዎት ያውቃል? በዚያው ሳምንት እንጨት ሲፈልጥ ሁለት ጊዜ መጥረቢያውን ጥሎ፣ መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ግንዱ ላይ ሲቀመጥ በመስኮት አይቼዋለሁ። ማየቴንም ያውቃል። ዓይን ዓይኔን እያየ «በጭራሽ» አለ።

«ሌአንደር!»

«ምነው? መላሹን ተቆጪው ይላል እንዴ መመሪያሽ?»

አይልም። ገጽ አሥራ ዘጠኝ፣ የመረጃ ሰብሳቢዋ ፊት በምንም መልስ እንዳይለዋወጥ ይላል። ፊቴን አልለወጥኩም። «የለም» በሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። እጄ ወደ ኅዳጉ ሄዶ ነበር፤ ደብዳቤዎ ከማቀዝቀዣው ላይ ያየኛል፤ እጄን መለስኩት። ሌአንደር እርሳሱን ይመለከት ነበር። አሁን አሁን ሳስበው እንድጽፍበት የጠበቀ ይመስለኛል። በራሱ አፍ ታመምኩ የማይል ሰው ነው፤ እኔ ብጽፍበት ግን ተቆጥቶ፣ አጉረምርሞ፣ በመጨረሻ ኮቱን አንሥቶ ነርስ ዶርካስ ዘንድ ይሄድ ነበር። ክሊኒኩ ያኔ አልተዘጋም፤ ከቤታችን የአራት ደቂቃ መንገድ ነው። ወይ ነዶ! የባሌን ደረት ትቼ የእርስዎን ወረቀት ንጽሕና ጠበቅሁ። ለዚህ ማንንም አልከስም፤ ራሴን ግን ይቅር ማለት አቅቶኛል።

በየካቲት አንድ ቀን ረፋድ ላይ እንጨት ቤቱ ውስጥ ወድቆ አገኘሁት። አምቡላንሱ ከዘጠና አራት ኪሎ ሜትር፣ በበረዶ ውስጥ፣ በአንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ደረሰ። ሹፌሯ ወጣት ልጅ ናት፤ ያለቀሰችም መሰለኝ። ቅጽ አውጥታ «ከዚህ በፊት ደረታቸውን አሟቸው ያውቃል?» ስትለኝ «አዎ» አልኳት። እሱ ግን እስከ ፊቱ ብርድ ልብስ ተሸፍኖ ነበር።

አምስተኛውና የመጨረሻው ልመናዬ ነው። ዳሰሳ ጥናት የምጠላ አይምሰልዎ። እኛን ሰው ጠይቆን አያውቅም ነበር፤ ሁለተኛ ቀን ስሄድ ሰዎች ፀጉራቸውን አበጥረው፣ የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን ለብሰው ነው የጠበቁኝ። መጠየቅ መታሰብ መስሏቸው ነበር፤ ለእኔም መስሎኝ ነበር። ያንን እምነታቸውን በአምስት ሣጥን ከፍላችሁ ስትሄዱ ያሳዘነኝን ያህል ምንም አላሳዘነኝም።

ቅጾቹ ለሰባት ዓመት በተቋሙ መጋዘን እንደሚቀመጡ መመሪያው ይናገራል። ከስብሰባው በፊት መጋዘኑን ያስከፍቱና የመጀመሪያዎቹን አርባ አንድ ቅጾች ያውጡ። ከእነዚያ ሰዎች መካከል ሠላሳ አራቱ ዛሬም በሕይወት አሉ። ሠንጠረዥዎን ለቢሮው ከማሳየትዎ በፊት በኅዳጉ ላይ ያለውን ጮክ ብለው ያንብቡላቸው፤ ከሩብ ሰዓት በላይ አይወስድብዎትም። ቅጽ ስልሳ ሦስትንም ያውጡልኝና ከጥያቄ አሥራ አራት ጎን በእርሳስ እንዲህ ብለው ይጻፉልኝ፦ «ዋሽቷል። ሚስቱ አይታለች። አልጻፈችም።»

ለተቋምዎ ዕድገት፣ ለወገብዎ ብርታት፣ ለመንገድዎ መቃናት ከልብ እየተመኘሁ፣ ስላስተማሩኝ ታዛዥነት እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ ባለዕዳዎ ሆኜ የምኖር፣

በፍጹም አክብሮት፣
ሰሊና ፓርዲ
የሌአንደር ፓርዲ ሚስት
ቀድሞ መረጃ ሰብሳቢ ቁጥር ሰባት

ማስታወሻ፦ አዳራሹ ከእሳት አደጋ መኪናው ጋራዥ በላይ ያለው ፎቅ ነው፤ መወጣጫው አሥራ ዘጠኝ ደረጃ አለው። በጥናትዎ ገጽ ስምንት ላይ ከብላክ ስፓር ነዋሪዎች ዘጠና ሰባት ከመቶው ደረጃ ለመውጣት ምንም ችግር የለባቸውም ተብሎ ተጽፏል። አክስት ኤፊ፣ ሄድሊና ሌሎቹም እንዲመጡ አንድ በአንድ፣ በጓሮ በር ገብቼ፣ ለምኜአቸዋለሁ፤ ሁሉም እሺ ብለዋል። እርስዎ ቀደም ብለው ይምጡና ሰዓትዎን ይዘው ከላይ ይቁሙ። ስንት ጊዜ እንደሚያርፉ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅባቸው ይቁጠሩ፤ ቁጥር ነውና ኮምፒዩተሩ ይቀበለዋል። ምንም ቢሆን ግን እጅዎን ዘርግተው እንዳይደግፏቸው አደራ፤ መረጃው ይበላሽብዎታል።