የአድነው ካናቴራ

ጥቅምት 8 ቀን 1975
የሂሳብ ፈተና... ደህና ነው። ስመለስ በሽሮ ሜዳ በኩል ዞርኩ። መንገዴ አይደለም፤ አውቃለሁ! አድነው ከአባቱ ጋር ከሚሸምንበት ቤት ደጃፍ ቆሟል፣ ከሰልባጅ የገዛትን ካናቴራ ለብሶ። ደረቱ ላይ በትልልቁ የእንግሊዝኛ ጽሕፈት፦ ኩል።
"ምን ማለት ነው?"
"እኔ ምን አውቄ! አንቺ አይደለሽ አስራ ሁለተኛ ክፍል?"
ጓደኛዬ ባዩሽ አብራኝ ነበረች። "የዓይን ኩል መነገድ ጀመርክ እንዴ?" አለችው። ሳቀ። ሲስቅ እኮ...

ጥቅምት 9
መዝገበ ቃላት አየሁ። "ቀዝቃዛ" ይላል። ደረቱ ላይ "ቀዝቃዛ" ብሎ የሚጽፍ ማን ነው?

ጥቅምት 11
አድነውን ያዙት! ጠዋት አብዮት ጥበቃዎች ከነካናቴራው ቀበሌ ወሰዱት። አራቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት የሕቡዕ ድርጅት ምሕጻረ ቃል ናቸው አሉ። እናቱ እትዬ የሺሀረግ ቀበሌው በር ላይ ተቀምጠዋል። ሰው አንገቱን ደፍቶ ያልፋቸዋል። ከዚህ ባነሰ ነገር ተወስዶ ያልተመለሰ ስንቱ ነው...
ምን ላድርግ?

ጥቅምት 12
ጋሼ መሸሻ ቤት ሄድኩ። ድሮ በምሽት ክበብ ትራምፔት ይነፉ የነበሩት ጎረቤታችን። ቃሉን ስነግራቸው ከወንበራቸው ተነሱ!
"ይሄንንማ ከጃዝ ጋር ነው የተማርነው። የአሜሪካ ጥቁር ሙዚቀኞች ናቸው ያስለመዱት። ሌላው ሲግል፣ ሲንጫጫ፣ አንዱ ረጋ ብሎ ይነፋል። ቢበድሉትም ፊቱ አይለዋወጥም። ኩል ነው ይሉታል።"
"ቀዝቃዛ?"
"መጀመሪያ ቀዝቃዛ። ከዛ የረጋ። በኋላ ደግሞ... በቃ፣ ደስ የሚል ነገር ሁሉ። ልብሱም፣ ዘፈኑም፣ ሰውየውም።"
"ጋሼ፣ ቀበሌ መጥተው ይንገሩልኝ።"
ተመልሰው ተቀመጡ። "እኔ አንዴ ገብቼ ወጥቻለሁ፣ ልጄ። ሁለተኛ..."
አልፈረድኩባቸውም። እንግዲህ እኔው ነኝ። ግን እንዴት ብዬ ላስረዳ? ቀዝቃዛ የነበረው እንዴት ጥሩ ሆነ ቢሉኝስ? የኛ ቃልስ እንዲህ አይዞርም?... አገኘሁት!

ጥቅምት 13
ሄድኩ! ተናገርኩ!
ሊቀመንበሩ ጓድ በዳሳ ካናቴራውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶታል። "ምን ፈለግሽ?"
"ቃሉን ልተረጉም ነው የመጣሁት፣ ጓድ ሊቀመንበር።" ስለ ሙዚቀኞቹ ነገርኩት። ጭቁን ጥቁሮች ስል ቀና አለ።
"እሺ፣ ቀዝቃዛ እንዴት ብሎ ጥሩ ይሆናል?"
"አራዳ የሰፈር ስም አይደለም እንዴ? ዛሬ ግን ሰውን አራዳ ስንል ንቁ፣ ዘመናዊ ማለታችን ነው። ኩልም እንደዛ ነው።"
አንዱ ጥበቃ ሳቅ አመለጠው። "ታዲያ ይሄ ልጅ ደረቱ ላይ 'አራዳ ነኝ' ብሎ ነው የሚዞረው?" ጓድ በዳሳም ሳቀ! ወዲያው ኮስተር አለ እንጂ። "ካናቴራው እዚህ ይቀራል። ልጁ ይሂድ።"
አድነው የእናቱን ነጠላ ደርቦ ወጣ። እትዬ የሺሀረግ እልልታቸውን ሊያቀልጡት ሲሉ አፋቸውን የያዝኳቸው እኔ ነኝ!

ጥቅምት 16
ከክፍል ስወጣ አድነው ትምህርት ቤታችን ዊንጌት በር ላይ ቆሟል። ከስቷል።
"አልፈራሽም?"
"ፈርቻለሁ እንጂ።"
"ታዲያ ለምን?"
ነገርኩት። ዓይኑን እያየሁ፣ ምንም ሳልደብቅ። እጄን ያዘኝ። ተማሪው ሁሉ ያያል... ይይ! እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ አልለቀቅኩትም።
እቤት እንደገባሁ ሌላ ሰው ሳይነግራት ብዬ ለእማዬ ራሴ ነገርኳት።
"ሸማኔው?" አለች።
"አዎ፣ ሸማኔው።"
ሽንኩርቷን ከትፋ ጨረሰች። ምን ልትለኝ ነው?...
"እሁድ ለምሳ ይምጣ።"