ክረምቱን ቆሞ የከረመው ሞተር

መስከረም 12፣ ቡልቡላ

የአጎቴ የጋሽ ቶሎሳ ሞተር ሳይክል ዛሬም አልነሳ አለ። እግራቸው ተሰብሮ ክረምቱን ሲተኙ፣ እሱም ቤንዚን እንደሞላ ቆሞ ከረመ። ሥራ የሚጀምሩት ነገ ነው።

ሜካኒኩ ከታንኩ ሥር በጠርሙስ ቀድቶ አሳየን፤ ቤንዚኑ ከላይ፣ ውሃው ከታች።

«ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ሲቆም እርጥበት ይስባል። ኢንጂነሩ አልነገረዎትም?» አለ ወደ እኔ እየጠቆመ።

«‹ኢታኖል ቢኖርበትም አይዞዎት ጋሼ፣ ይሙሉት› ያለኝ እሱ አይደል እንዴ!» ብለው ሳቁ ጋሼ።

እኔ አልሳቅኩም። የመመረቂያ ጽሑፌ በኢታኖል ላይ ነው። ከስኳር ተረፈ ምርት እዚሁ አገር ውስጥ ይመረታል፣ ጭስ ይቀንሳል፤ አሁንም አምንበታለሁ። ስለቆመ ሞተር ግን አንድም መስመር አልጻፍኩም።

ታንኩ ታጥቦ አዲስ ቤንዚን ሲገባበት ሞተሩ ተነሳ።

«ይሄኛውስ ኢታኖል አለበት?» አሉኝ።

«አላውቅም ጋሼ።»

ከአዲሱ በጠርሙስ ቀድቼ ይዤ መጣሁ። ውሃ ይስብ እንደሆነ ለማየት አሁን ክዳኑን ከፍቼ በረንዳው ላይ አቁሜዋለሁ።