ስለ ማራናታ ጆሮ፣ ለላቦራቶሪው ኃላፊ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ላቦራቶሪ ክፍል ኃላፊ

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ በተለይም የልጆችዎ ጆሮ፣ ደህና እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ዓለምሸት እባላለሁ፤ ቴፒ ከተማ በአንድ መጋዘን ከተፈለፈለ ቡና መካከል ብልሹውን እየለቀምኩ የምኖር፣ የዘጠኝ ዓመቷ ማራናታ እናት ነኝ። የልጄ ቀኝ ጆሮ መግል ሲያፈስ ከርሞ አሁን መስማት አቁሟል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ግራው መፍሰስ ስለጀመረ፣ እሱም ሳይደፈን በፊት ለክፍልዎ የሚገባውን ምስጋና ላቅርብ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ጽናታችሁ አመሰግናለሁ። በሦስት ወር ውስጥ አራት ጊዜ ፈሳሹን ሰጥተን አራቱንም ጊዜ «ፕሮቲየስ» የሚል ውጤት ተቀበልን። መድኃኒቱም ያው ነበር፤ ልጄ እንደታዘዘላት ዋጠች፣ መግሉም እንደወትሮው ፈሰሰ። በቃሉ የሚጸና ሰው በጠፋበት ዘመን በቃሉ የሚጸና ላቦራቶሪ ማግኘት መታደል ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። በአራተኛው ጊዜ አንድ ባለሙያችሁ አዘነልኝና አስረዳኝ። ስሙን አልጽፍም፤ የሚያስተዳድረው ቤተሰብ አለው። በታመመ ጆሮ ውስጥ ፕሮቲየስና ሱዶሞናስ የሚባሉ ጀርሞች እንደሚገኙ፣ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አንድ እንደሚመስሉ፣ ወረቀት ላይ በሚንጠባጠብ ኬሚካል ግን ወዲያው እንደሚለዩ ነገረኝ። ሱዶሞናስ ከሆነ ወረቀቱ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይለወጣል አለኝ። ኬሚካሉ ካለቀ ስምንት ወሩ ነው። ታዲያ ሳትለዩ እንዴት ትጽፋላችሁ ብዬ ብጠይቀው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ ለፕሮቲየስ የሚሆነው መድኃኒት ቤታችን ውስጥ አለ፤ ለሌላው የሚሆነው የለም። ስለዚህ ፕሮቲየስ እንላለን» አለኝ። ለካ ለጀርም ስም የሚያወጣለት የመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ኖሯል።

ሦስተኛውን፣ ስለ እርግጠኝነታችሁ የማቀርበውን ምስጋና፣ መጻፍ ትንሽ ከበደኝ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት ነኝ። ሆኖም አንድ የቡና ፍሬ ነቀዝ ይንካው አይንካው መለየት ሲያቅተኝ ለብቻው አስቀምጠዋለሁ እንጂ ደህና ነው ብዬ ከደህናው አልጨምረውም። እናንተም «አልታወቀም» ብላችሁ ብትጽፉልኝ ኖሮ፣ ያለችኝን ላም ሸጬ ልጄን ጅማ እወስዳት ነበር። ታውቋል ስላላችሁኝ ግን አምኜ ሦስት ወር ቤቴ ተቀመጥኩ። በእናንተ ከመናደዴ ይልቅ በራሴ የተናደድኩት ይበልጣል።

ማራናታ በቤተ ክርስቲያናችን የልጆች መዘምራን ውስጥ ናት። ድሮ መዝሙሩን የምታነሳው እሷ ነበረች። አሁን የጓደኞቿን አፍ እያየች ትከተላለች፤ ሌሎቹ ጨርሰው ዝም ሲሉ እሷ ብቻዋን ትቀራለች። ይህን እንደ ላይኞቹ ምስጋናዎች ቁጥር አልሰጠሁትም፤ በእናንተ መዝገብም ቁጥር ያለው አይመስለኝም።

ኬሚካሉን ታስመጣላችሁ ብዬ አልጠብቅም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ መሆኑን አላጣሁትም፤ የጻፍኩት ልጄ አንድ ቀን አንብባው ዝም ብዬ እንዳልቀረሁ እንድታውቅ ነው። ማንበብ ጆሮ አይፈልግም።

አራት ጊዜ ተመላልሳ አንድም ጊዜ አዲስ ነገር ሰምታ የማታውቅ፣ እጅ ነስታ የምትሰናበትዎ ታማኝ ደንበኛዎ፣
ዓለምሸት፣ ከቴፒ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ገና ሳልልከው፣ ትናንት የማራናታን ግራ ጆሮ ላስመረምር ይዣት መጥቼ ነበር። የቀድሞ ካርዷን አይታችሁ ውጤቱን ወዲያው ጻፋችሁልን፤ ፕሮቲየስ ይላል። ልጄ ጆሮዋን ለማሳየት ፀጉሯን በእጇ ወደ ኋላ ይዛ ቆማ ነበር። ጆሮዋን ያየላት ሰው ግን አልነበረም።