የአቶ ማላኪ ስካሊ የሕይወት ታሪክና ለፍርድ ቤቱ ጸሐፊ የሰጡት መልስ

አቶ ማላኪ ስካሊ ከአባታቸው ከአቶ ቲሞቲ ስካሊና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኦኖራ ዶይን በመጋቢት ወር 1846 በሊቨርፑል ከተማ፣ ከወደቡ ጀርባ ባለ የምድር ቤት ክፍል ውስጥ ተወለዱ። ቀኑን አባታቸው አሥራ ሁለት፣ እናታቸው አሥራ ዘጠኝ ይሉ ስለነበር ሁለቱንም ትተነዋል።

ትምህርት የጀመሩት፣ ምን ይደበቃል፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። በ1858፣ በአሥራ ሁለት ዓመታቸው፣ ከታናሽ ወንድማቸው ከፊንታን ጋር ከአንድ ሱቅ ደጃፍ አይብ አንስተው ሲሮጡ ተያዙ። አይቡን የተሸከመው ፊንታን ነበር፤ ይህን የሚጽፈውም እሱ ነው። ዳኛው ለሁለቱም ሁለት ሳምንት እስር፣ ከዚያም አምስት ዓመት በጠባይ ማረሚያ ትምህርት ቤት እንዲቆዩ ፈረዱባቸው።

ማረሚያ ትምህርት ቤቶቹ በሃይማኖት የተለያዩ ስለሆኑ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ወንድማማቾቹን ለየብቻ እያስገባ ጠየቃቸው። ማላኪ ጠዋት ተጠርተው «ፕሮቴስታንት» አሉ። ፊንታን ከሰዓት በኋላ ሲጠራ የእናታቸውን ሃይማኖት፣ «ካቶሊክ» አለ። እናታቸው ቄሱን ይዘው ቢመላለሱም መዝገቡን የሚያስተካክልላቸው አላገኙም። ልጆቹ በሁለት ጋሪ ተጭነው ወደየትምህርት ቤታቸው ሄዱ፤ እንደገና የተያዩትም ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ በእናታቸው ቀብር ላይ ነው።

ማላኪ በማረሚያው ጫማ ሥራ ተምረው በ1863 ተለቀቁ፤ ቆይተውም በበርከንሄድ የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። በ1871 ከወይዘሮ ሻርሎት ፔንኬት ጋር ዛሬ ሽኝታቸው በሚደረግበት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ሄስተርንና አምብሮስን ወለዱ። በእጃቸው ጥንቁቅ፣ በምላሳቸው ግን ማንንም የማይምሩ ነበሩ። ፊንታንን ለጫማ በለኩት ቁጥር «በዚህ እግር ነው እንግዲህ አይብ ይዞ የሚሮጠው» ይሉ ነበር።

ያን ቀን በጸሐፊው ፊት ለምን «ፕሮቴስታንት» እንዳሉ ግን ፊንታን እስከ ዛሬ አልገባውም። በጠየቃቸው ቁጥር መልሳቸው ይለያያል። አንዴ «እዚያ በሳምንት ሁለቴ ሥጋ አለ ሲሉ ሰምቼ ነዋ» ይላሉ፤ ሌላ ጊዜ «ጸሐፊው ሲያፈጥብኝ ደንግጬ» ይላሉ። በአንድ የገና ምሳ ላይማ «ካንተ ልገላገል ብዬ ነው» ብለው ቤቱን አሳቁ። ፊንታንም አብሮ ሳቀ፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን መንገድ ላይ አለቀሰ።

አቶ ማላኪ በሳንባ ሕመም ሰባት ወር ተኝተው ኅዳር 9 ቀን 1898 በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። ከማረፋቸው ሁለት ቀን በፊት ፊንታን ያንኑ ጥያቄ ቢደግምባቸው፣ «አንተም እንደኔ ትላለህ ብዬ ነዋ። የት ሄጄ ነው ያልተከተልከኝ?» አሉት። እውነታቸውን ይሁን ሊያጽናኑት፣ ፊንታን መለየት አልቻለም።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተዋል። ይህን የምታነብላችሁ ልጃቸው ሄስተር ናት። ፊንታን የሌላ ሃይማኖት ጸሎት ላይ እንዳይገኝ የራሱ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ስለከለከሉት ከበሩ ውጭ ቆሟል። በዚህ ቤተ ክርስቲያን ለሞተ ሰው ነፍስ አይጸለይም፤ በፊንታን ቤተ ክርስቲያን ይጸለያል፣ ያውም ለራሳቸው ሰው ብቻ ነው ይሉታል። የቱ ትክክል እንደሆነ ፊንታን አያውቅም፤ ውጭ ልቁም ወይስ ልግባ እያለ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያወላውል ቆይቷል። ስለዚህ ሄስተር እዚህ ስትደርስ ዝም ትበል፣ በሩም ይከፈት፤ የቀረውን እሱ ራሱ ገብቶ ይለዋል፦

«ይኸው ገባሁ፣ ማላኪ። ነፍስህን ይማር፣ ወንድሜ።»